የነሐሱ ፈረስ ልጓም

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ለማንም ከማውራቴ በፊት ላንቺ ልንገርሽ። ቁጭ በይ፣ ስልክሽንም ገልበጥ አድርጊው። ፈረስ አለበት፣ ፖሊስ አለበት፣ የጠፋ ዕቃ አለበት። አትፍሪ፣ ማንም አይሞትም። እንደውም ሆድሽን ይዘሽ ነው የምትስቂው።

ነገርዬው የጀመረው ሐሙስ ጠዋት ነው። አደባባዩ ሦስት ወር ሙሉ በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር፣ ውስጡ የነሐስ ፈረስ ቆሟል። ጋላቢ የለውም። ሆን ተብሎ ነው፤ ከዘመቻ ላልተመለሱ ፈረሰኛ ወታደሮች መታሰቢያ ስለሆነ ኮርቻው ባዶ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ መሬት መሬት ያያል፣ የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስል። ከስሩ ድንጋዩ ላይ የሃምሳ ሁለት ሰው ስም ተቀርጿል። ምርቃቱ ቅዳሜ አራት ሰዓት ነው፣ እስከዚያ ነጭ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ቀራፂው ሊወለውለው መጣ፣ ሸራውን ገለጠ፣ ከዚያ ጩኸቱን አቀለጠው። ማዶ ዳቦ ቤት የተሰለፉት ሰዎች ሳይቀሩ ሰልፋቸውን ጥለው ሮጡ።

«ልጓሙ! ልጓሙን ወስደውታል!»

ኢንስፔክተሯ በሃያ ደቂቃ ደረሰች። አጠር ያለች፣ ፈጠን ያለች፣ ቀበቶዋን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ድረስ የምታጠብቅ ሴት ናት። «ቀበቶዬ ሲላላ ሐሳቤም ይላላል» ትላለች።

«ማንም ሰው ምንም እንዳይነካ!»

«እኔ ነክቼዋለሁ፣ እኔ ነኝ የሰራሁት» አለ ቀራፂው፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

«አንተም ብትሆን።»

ፈረሱን ሁለቴ ዞረችው። አፉ ውስጥ የሚገባው ብረት፣ በጉንጩ የሚያልፈው ማሰሪያ፣ ኮርቻው ላይ የሚያርፈው ዛብ፣ ሁሉም የለም። ልጓሙን የያዙት አራት ብሎኖች ግን አሉ። የት? ፈረሱ እግር ስር፣ በታጠፈ መሃረብ ላይ፣ ረጅሞቹ በአንድ ወገን፣ አጫጭሮቹ በሌላ ወገን ተደርድረው።

«ሌባው መሃረቡን ተኩሶታል» አለች አሻራ። አሻራ የምንላት የጣት አሻራ የምታነሳዋ ባለሙያ ናት፣ ከፖሊስ ማሰልጠኛ ጀምሮ የኢንስፔክተሯ የልብ ጓደኛ። እውነተኛ ስሟን እናቷም የምታስታውሰው አይመስለኝም።

«ባለትዳር ሌባ ነዋ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወይም በጣም ጨዋ ላጤ።»

«የጣት አሻራስ አለው?»

«ግማሹ ከተማ ዳስሶታል። ቀራፂው አለ፣ የአደባባዩ ዘበኛ አለ፣ የመታሰቢያው ኮሚቴ በሙሉ አለ። ያልነካው ፈረሱ ራሱ ብቻ ነው።»

ይሄኔ ቀራፂው እንደገና ጮኸ። «ጠፍሩ! ጠፍሩንስ ማን ነው ያላላው?» ኮርቻውን ሆድ ስር ዞሮ የሚይዘውን ጠፍር ማለቱ ነው። ነሐስ ቢሆንም እንደ ሰዓት ማሰሪያ በትናንሽ ቁርጥራጭ አያይዞ ነው የሰራው፣ እንደ እውነተኛው ይጠብቃል፣ ይላላል። «ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር የቆለፍኩት። አሁን አምስተኛው ላይ ነው!»

«ኮርቻውን ሊሰርቅ አስቦ ከብዶት ይሆን?» አለች አሻራ።

ኢንስፔክተሯ ጻፈች። ከዚያ እግሯ በአንድ ነገር ተደናቀፈና ውሃ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ቢጫ ባልዲ ነው፣ እስከ አፉ ንፁህ ውሃ የተሞላ፣ ልክ ፈረሱ አፍንጫ ስር።

«ይሄስ የማን ነው?»

ሁሉም ትከሻውን ሰበቀ። የጽዳት ይሆናል ተባለና ወደ ጎን ተገፋ። እሷ ግን «ባልዲ፣ ቢጫ» ብላ ጻፈች፤ ያገኘችውን ሁሉ የምትጽፍ ሰው ናት።

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። አስር አለቃው ናቸው። ከዚያ የፈረሰኛ ጦር ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ቅዳሜ ሸራውን የሚገልጡትም እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው፣ አደባባዩ ፊት ለፊት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፤ በየጠዋቱ ፈረሱን ሳያዩ ቁርስ አይበሉም።

«አባባ፣ ዛሬ ጠዋት እንግዳ ሰው አይተዋል?» አለቻቸው ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ ብላ።

«የለም ልጄ። እንግዳ ሰው አላየሁም።»

«ሌባ የሚመስል?»

«ሌባ? እዚህ? ኧረ በጭራሽ።» ፈረሱን አዩና ፈገግ አሉ። «እንዴት አምሮበታል!»

ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች። «ይበቃል አባዬ፣ ብርድ ነው። እስከ ቅዳሜ ከቤት መውጣት የለም። ጉንፋን ይዞህ ምርቃቱ ላይ ብታስነጥስ ጉድ ነው የምንሆነው።»

እና ወሰደቻቸው።

አሁን ወደ ጭንቁ እንምጣ። የአደባባዩ ኃላፊ ከረባቱን እያስተካከለ መጣና ዘበኛውን በሰው ፊት እንዲህ አላቸው፦ «ልጓሙ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ቦታው ካልተመለሰ ተሰናብተዋል። ጡረታ የለ፣ ምን የለ።» ሰውየው እኮ እዚያ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመዋል! ጡረታቸው የቀረው አራት ወር ነው። ኮፍያቸውን ብቻ አወለቁ።

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ወስዳ አስቀመጠቻቸው።

«ከአስራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት የት ነበሩ ጋሼ?»

«እዚያው።»

«እዚያው የት?»

«እዚያው... አካባቢው ላይ።»

«እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

መዳፋቸው ተልጧል። የሱሪያቸው ጉልበትም በሁለቱም በኩል ተቀዷል።

«ምን ሆነው ነው?»

«ወድቄ።»

«ከምን ላይ?»

የተቀደደውን ጉልበታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ከአጥሩ ላይ?»

«ኧረ በዚህ ዕድሜዬ!»

«ታዲያ ከምን?»

ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። የጣቢያው አዛዥ በበሩ ብቅ ብሎ «ይሄ እኮ አለቀ» አለ። «እጁ ተልጧል፣ ሱሪው ተቀዷል፣ አፉ ተዘግቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ልጓሙን» አለች ኢንስፔክተሯ።

አዛዡ ግን ይደሩ አለ፣ አደሩ።

ከሰዓት በኋላ ቀራፂው ጋ ሄደች። ለምን መሰለሽ? ከኮሚቴው አንዱ ሹክ ብሏታል፤ ቀራፂው ልጓሙን እንደጠላው፣ ምርቃቱ ይራዘምልኝ ብሎም እንደለመነ። መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ በጭቃ በተሰራ ትልቅ የፈረስ ጆሮ ላይ ኮቱን ሰቅሎ አገኘችው።

«ልጓሙን አትወደውም አሉ።»

«አልወደውም! አራት ጊዜ ነው ያቀለጥኩት። አንዴ አቀጠንኩት፣ አንዴ አወፈርኩት፣ ግን እምቢ አለኝ። ሳየው አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አምስተኛ ልሞክር ብል ኮሚቴው ጊዜ የለም አለኝ።»

«እና ራስህ ፈታኸው።»

«እኔ?! ጠዋት እኮ አማቴ ቤት ነበርኩ፣ ቧንቧ እየጠገንኩ!»

አማትየው ጋ ተደወለ። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። «አዎ፣ ከአስራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚህ ነበር! አንድ ጠብታ የነበረውን ወንዝ አድርጎልኝ ነው የሄደው! ልጄ፣ ሌባስ አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛም አይደለም። ምን እንደሆነ እኔም ሰባት ዓመት ሙሉ እያጣራሁ ነው!»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘግታ ሳቋን ለመደበቅ የፈረሱን ጆሮ አየች።

ቀጥሎ ቆራሌው። ጋሪው ላይ የሌለ ብረት የለም፣ ምጣድ በዪው፣ የአልጋ እግር በዪው። ስታስቆመው ምንም አልደነገጠም።

«የነሐስ ልጓም መጥቶልህ ነበር?»

«እኔ ጋ? አልመጣም። ቆይ ግን፣ ብሎኖቹን መሃረብ ላይ ደርድሮ ሄደ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እህቴ፣ እሱን ሰው ሌባ ጋ አትፈልጊው። ሌባ ይሰብራል፣ ይቆርጣል፣ ይሮጣል። ብሎን የሚደረድር ሰው ዕቃ የሚወድ ሰው ነው። ወይ መካኒክ ነው፣ ወይ ወታደር፣ ወይ እንደኔ ሚስት።»

«ሚስትህ ብሎን ትደረድራለች?»

«እኔንም ትደረድረኛለች።»

ዓርብ ጠዋት ደግሞ ምን ሆነ መሰለሽ! ኢንስፔክተሯ ከዘበኛው ጋር እንደገና ተፋጥጣ ተቀምጣለች፣ የጣቢያው በር ብርግድ አለ። የአደባባዩ አትክልተኛ ናት፣ ቦት ጫማዋ በጭቃ እንደተለወሰ፣ ብስክሌት እየገፋች ገባች። ጥበቃው «ብስክሌት አይገባም!» እያለ ከኋላ ይከተላታል።

«ይሄን ሰውዬ አስራችሁ ታሳድራላችሁ? ሰማይና ምድር አይቀበለውም!»

«ተዪ፣ እባክሽ» አሉ ዘበኛው ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፍነው።

«አልተውም ጋሼ! ኢንስፔክተር፣ ሐሙስ ጠዋት እኔ ጋ ነበሩ። ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ። ብስክሌት እያስተማርኳቸው!»

 አሻራ ደብተሯን አፏ ላይ ከደነች።

«ብስክሌት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ዘበኛው ኮፍያውን ቀስ አድርገው አወረዱት። «የልጅ ልጄ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ለጓደኞቿ ‹አያቴ ሁሉን ይችላል፣ ብስክሌት ብቻ አይችልም› ብላ ተናግራብኝ። እሰማ ነበር። እና ሳትሰማ ተምሬ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በብስክሌት ልወስዳት...» ወደ ብስክሌቱ አዩ። «በሩን ለግማሽ ሰዓት ጥዬ ሄጃለሁ። ጥፋቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሩን ጥዬ አላውቅም።»

«ለምን ትናንት አልነገሩኝም?»

«ያፍራሉ እንዴ ብትይኝ፣ አዎ፣ አፍራለሁ! ግን ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልወድቅ ሙሉ ዙር ዞሬ ነበር። እጄን እያወዛወዝኩ ደስ ብሎኝ ስመለስ ቀራፂው ይጮሃል።»

«ታዲያ ጉልበትዎ?»

«ዙሩን ከጨረሱ በኋላ ነዋ የወደቁት። ማቆም ገና አልተማርንም» አለች አትክልተኛዋ።

አዛዡ ራሱ ፈታቸው፣ ሲፈርምም ይስቅ ነበር። የአደባባዩ ኃላፊ ግን በስልክ አልሳቀም። «ጥሩ፣ አልሰረቁም። ግን በሩን ጥለዋል፣ ልጓሙም የለም። ነገ አራት ሰዓት ብያለሁ» ብሎ ዘጋው።

ኢንስፔክተሯ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ዞረች። ቁልፍ ሠሪ ጠየቀች፣ ብየዳ ቤት ጠየቀች፣ ባልዲ ሻጭ ሁሉ ጠየቀች። ባዶ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እግሯን እየጎተተች ቤቷ ገባች፣ በሩ ላይ እንደቆመች እናቷ አየቻት።

«አንቺ ልጅ! መልክሽን በመስታወት አይተሽዋል? ነይ ቁጭ በይ።» መለሰችላት አልመለሰችላት የእናትየው ጉዳይ አይደለም፤ ትከሻዋን ይዛ ወንበር ላይ ጣለቻት። ቦርሳዋን ወሰደችላት። ጫማዋን ሳብ ሳብ አድርጋ አወለቀችላት። ከዚያ ቀበቶዋን ጎተት አደረገችና «ኧረ ሆድሽ ሊቆረጥ ነው!» ብላ ሁለት ቀዳዳ አላላችው። «በይ እንቺ ውሃ።»

ኢንስፔክተሯ ብርጭቆውን ይዛ ቀረች።

ቀበቶዋን አየች። ሁለት ቀዳዳ። ውሃውን አየች።

«እማዬ!»

«ምነው፣ ሙቅ ነው እንዴ?»

«ምን እያደረግሽኝ ነው?»

«ምን አደረግኩሽ? ከሥራ የገባ ሰው አያርፍም? እያሳረፍኩሽ ነዋ!»

ከወንበሩ ተፈናጥራ ተነሳች። እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻትና ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ወረደች። እናትየው በመስኮት «ቀበቶሽን!» እያለች ነበር።

ገባሽ አይደል? ልጓሙን አወለቀ፣ ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ አላላ፣ ውሃ አፍንጫው ስር አቀረበ። ማንም ምንም አልሰረቀም። የሆነ ሰው ፈረሱን አሳርፎታል! በዚያ ከተማ ደግሞ ከፈረስ ላይ ወርዶ ፈረስ ማሳረፍ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

በሩን የከፈተችላት የአስር አለቃው ልጅ ናት። እሳቸው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው፣ ግድግዳው ላይ፣ ከከዘራቸውና ከካፖርታቸው መሃል፣ ልጓሙ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ተወልውሎ ያንጸባርቃል፣ ዛቡ በሥርዓት ተጠቅልሏል።

«ይሄ እንዴት እዚህ መጣ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ልጅየው ደንግጣ፣ «የጠፋው ሌላ ነው ብዬ፣ ይሄ ከኮሚቴው ለማስታወሻ የተሰጠው መስሎኝ!»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አሉ አስር አለቃው፣ ልክ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ እንደሚል ሰው። «በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ካፖርቴን ከላይ ደርቤ። ባልዲውም የኔ ነው፣ እዚያው ካለው ቧንቧ ነው የሞላሁት። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ ስላደረገ አልተቸገርኩም።»

«አባባ! ሐሙስ እኮ ጠይቄዎታለሁ!»

«እንግዳ ሰው አይተዋል አልሽኝ። እኔ ለራሴ እንግዳ ነኝ እንዴ? ሌባ አይተዋል አልሽኝ። ሌባ አላየሁም። ልጓሙን ማን ፈታው ብትዪኝ እኮ እኔ እልሽ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ቁጭ አለች። «እሺ። ልጓሙን ለምን ፈቱት?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ፈረሱ አዩ።

«በኛ ጊዜ አንድ ሕግ ነበረ ልጄ። ፈረሰኛ ከግልቢያ ሲመለስ የራሱን ቀበቶ ከመፍታቱ በፊት የፈረሱን ልጓም ያወልቃል፣ ጠፍሩን ያላላል፣ ውሃ ያቀርባል። ጓደኛው ከወደቀ ደግሞ ፈረሱን የሚያሳርፍለት ጎኑ የሚጋልበው ሰው ነው። እኔ ከፉጨት ጎን ነበር የምጋልበው። ፉጨት የምንለው በፉጨት ፈረሱን ከሜዳ ማዶ ስለሚጠራው ነው። እሱ የወደቀ ቀን ፈረሱ ብቻውን መጣ። እኔ እግሬ ተመትቶ ቃሬዛ ላይ ነኝ። ‹ፍቱለት!› እያልኩ ጮህኩ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር ማን ይስማኝ። እንደተለጎመ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቆሞ አደረ።»

«ስልሳ አራት ዓመት ሆነው» አለች ልጃቸው ቀስ ብላ። «ስለ ፉጨት ይነግረኛል፣ ይሄንን ግን ነግሮኝ አያውቅም።»

«እና ይሄ ቀራፂ» ድምፃቸው ከፍ አለ፣ «ያንኑ ፈረስ በነሐስ ሠርቶ ለዘላለም ብረት አጉርሶ ሊያቆመው! እኔ ደግሞ ሸራ ገልጬ ላጨበጭብ! ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፌ ነበር እኮ። ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹አስተያየትዎ ተመዝግቧል።›»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች፣ ዓይኗንም በእጅጌዋ ጠረገች። «አባባ፣ ደስ ብሎኛል። ግን ዘበኛው በዚህ ምክንያት ታስረው አደሩ። ነገ አራት ሰዓት ደግሞ ከሥራ ሊባረሩ ነው።»

አስር አለቃው ከወንበራቸው በአንድ ጊዜ ተነሱ። «ምን? ሰውየው? በኔ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኮቴን! ጫማዬን! አንቺም ኢንስፔክተር፣ ካቴናሽን አውጪ!»

«ካቴና አያስፈልግም አባባ።»

«ለኔ ያስፈልገኛል! በሥርዓት ነው የምታሰረው!»

ጠዋት እመጣለሁ ብላ እስክትምልላቸው ድረስ ኮታቸውን አላወለቁም።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ሸራው ስር ተሰበሰቡ፤ ቀራፂው፣ ዘበኛው፣ አትክልተኛዋ፣ አሻራ፣ ከረባቱን የሚያስተካክለው ኃላፊ። አስር አለቃው መጀመሪያ ዘበኛው ፊት ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ወንድሜ፣ በኔ ምክንያት ሰው ፊት አፈርክ። ይቅርታ አድርግልኝ።» ዘበኛው ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው «ኧረ እኔም በሩን ጥዬ...» ሲሉ ሁለቱም ተቃቀፉ።

ከዚያ ልጓሙን ለቀራፂው አስረከቡት፣ የፉጨትንም ነገር በአጭሩ ነገሩት። «የሠራኸው አንተ ነህ። መልሰህ አጉርሰው ካልክ አጉርሰው። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ነው የምቆመው።»

ቀራፂው ልጓሙን ይዞ ፈረሱን አየው። ባዶውን መንጋጋ ዳሰሰ። ራቅ ብሎ አየው፣ ቀረብ ብሎ አየው። 

«አራት ጊዜ ያቀለጥኩት» አለ በመጨረሻ፣ «ቅርፁ እምቢ እያለኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ፈረሱ ነው እምቢ ያለኝ።»

ልጓሙን ኮርቻው ላይ ሰቀለው። ዛቡን ጠቅለል አድርጎ በኮርቻው አንገት ላይ አሳረፈው። ብሎኖቹን ኪሱ ከተታቸው።

«አንድ ጊዜ!» አለ ኃላፊው። «ልጓሙ ቦታው ካልተመለሰ ብዬ ነበር!»

«ተመልሷል እኮ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዕቃው እዚሁ ነው፣ ሠሪው ረክቷል፣ ከሳሽ የለም። ያረፈ ፈረስ ልጓሙ የት እንደሚሰቀል ደግሞ እዚህ ካለነው ውስጥ በደንብ የሚያውቁት አስር አለቃው ናቸው። እርስዎ የተለየ ልምድ ካለዎት ይንገሩንና ልመዝግበው።»

ኃላፊው ከረባቱን አስተካከለ። አስር አለቃውን አየ፣ ከዘራቸውን አየ። «ሥራዎት ላይ ነዎት» አላቸው ለዘበኛው። «ግን ብስክሌት ከሥራ ሰዓት በኋላ!»

አራት ሰዓት ላይ አደባባዩ ጢም አለ። አስር አለቃው ገመዱን ብቻዬን አልስብም ብለው ዘበኛውን ጠሩ፤ ሁለቱ ሲስቡት ሸራው ጥርግ ብሎ ወረደ። ከዚያማ ጭብጨባው! የሙዚቃ ጓዱ ሳይታዘዝ ጀመረው። አማትየው ቀራፂውን በሰው ፊት አቅፈው «ለካ ይሄን ነበር የምትችለው!» አሉት። አስር አለቃው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ከተቀረፁት አንዱን ስም በጣታቸው እየተከተሉ በከንፈራቸው ማፏጨት ሞከሩ። አየር ብቻ ነው የወጣው፣ ግን እየሳቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ቢሮዋ ተቀምጣ መዝገቡን መዝጋት አቃታት። ፎርሙ ላይ «የወንጀሉ ዓይነት» የሚል ሳጥን አለ። «ስርቆት» ብላ ጻፈች፣ ሰረዘችው። «ያለፈቃድ ዕቃ መውሰድ» ብላ ጻፈች፣ እሱንም ሰረዘችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። በመጨረሻ መስኮቱን ከፈተችና ታች በሩ ላይ የቆመችውን አሻራን ጠራቻት።

«አንቺ! ምን ብዬ ልጻፈው?»

አሻራም ቀና ብላ ያለቻትን ቃል በቃል እነግርሻለሁ፦

«‹ፈረሱ ሥራውን ጨርሶ አርፏል› ብለሽ ጻፊና ነይ ውረጂ፣ አንቺንም የሚፈታሽ ሰው የለም እንዴ!»